ጠዋት የጠጠረ በረዶ ለቀኑ ዋስትና አይሆንም

ሰዎችን በበረዷማ ተራሮች ላይ ስመራ፣ ብርዱ አልፎ ጸደይ በገባ ቁጥር የሚደጋገምብኝን ያህል የሚያሰለቸኝ አነጋገር የለም፤ «ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠጠረ በረዶ ከሰዓት በኋላም አይናድም» ይሉኛል።

ትንንሾቹን ስሕተቶች አስቀድሜ ላሳልፋቸው። ጩኸት የበረዶ ናዳ ያስነሣል የሚባለው ተረት ነው፤ የሰው ድምፅ ለዚያ የሚበቃ ግፊት የለውም፤ ሰው የሚጎዱትን ናዳዎች በአብዛኛው የሚያስነሣው የተጎጂው ወይም የባልንጀራው ክብደት ነው። አደጋው ገደል በሆነ ቦታ ብቻ ነው የሚለውም ስሕተት ነው፤ አብዛኛው የንጣፍ ናዳ፣ ማለትም የበረዶው ንብርብር እንዳለ ተገንጥሎ የሚንሸራተትበት ናዳ፣ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው።

የጠዋቱ ጥንካሬ ግን የሌሊት ስጦታ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር በረዶው ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ስለሚቀዘቅዝ፣ የአየሩ ሙቀት ከ0 ዲግሪ በመጠኑ ከፍ ቢል እንኳ ላዩ ይጠጥራል፤ ደመና ሲጋርደው ግን ሙቀቱ ስለሚመለስበት እንደ ረጠበ ያድራል። ስለዚህ የአየሩን ሙቀት መለኪያ ብቻ አይቶ የሚነሣ ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል። ፀሐይ ስትበረታ የቀለጠው ውኃ ወደ ውስጥ ሰርጎ ቅንጣቶቹን ያያያዘውን ያላላል፤ ከዚያ በኋላ ተዳፋቱን የሚይዘው ነገር እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የተነሣ ቡድን ከነማጉረምረሙ ከመንገድ መልሼ ነበር፤ ልንሻገረው የነበረው ተዳፋት ቆመን እያየነው ተናደ፤ ማጉረምረሙም በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ፤ ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት ቀድሞ እንደሚለሰልስ አስባችሁ መንገዳችሁን ምረጡ፤ እግራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት መስመጥ ወይም የበረዶ ድቡልቡሎች በራሳቸው መንከባለል ከጀመሩ፣ ጫፉ ቢቀርባችሁም ተመለሱ። የትናንት ዱካ መኖሩ ለዛሬ ምስክር አይሆንም።

«ብቀበር ቆፍሬ እወጣለሁ» ለሚሉትም፣ ናዳው ሲቆም በረዶው እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠጥር ጣት ማንቀሳቀስ እንኳ ያቅታል እላቸዋለሁ። የመትረፍ ዕድል ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ የሚያወጣችሁ አብሯችሁ ያለው ሰው ነው። የተቀበረ ሰው ያለበትን በምልክት የሚጠቁም የመፈለጊያ ሬዲዮ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት መውጊያ ዘንግና አካፋ እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ይያዝ፤ ለቡድኑ አንድ አካፋ ይበቃል የሚሉ ሰዎች የሚቀበረው አካፋውን የያዘው ቢሆንስ ብለው አልጠየቁም።