የንፋስ ኃይል፦ ህዳሴ እያለን ምን ያደርግልናል?

በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ የሄደ ሰው ያያቸዋል። ከተማው ሲቃረብ ኮረብታው ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ማማዎች ብቅ ይላሉ። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አስተያየት አያጣም። «ግማሾቹ ቆመዋል፣ ተበላሽተው ነው» ይላል አንዱ። «ይሄ ቀስ እያለ የሚዞር ነገር ምን መብራት ያመጣል?» ይላል ሌላው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ህዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ከውሃ እያለን ንፋስ ለምን ያስፈልገናል? ከዚሁ ልጀምር። ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ግድቡ ካለቀ ንፋስ ትርፍ ነገር ነው»

ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ውሃው ደግሞ የክረምት ልጅ ነው። ክረምቱ ሲሳሳ ምን እንደሚመጣ አይተነዋል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ 3 ሐይቅ ውሃ ወረደና አገሩ ሁሉ ፈረቃ ገባ። ቤቱም ፋብሪካውም ተራ እየጠበቀ መብራት አገኘ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የምንሸጠው ኃይልም ተቋረጠ። ግድብ አልጠፋም፤ የጠፋው ውሃ ነው።

አሁን የንፋሱን ወቅት እንይ። ግድቦቻችን ከሰኔ እስከ መስከረም ይሞላሉ። ከጥቅምት በኋላ የሚገባው ውሃ እየቀነሰ፣ የሚወጣው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ልክ በዚያው ወቅት ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የበጋ ንፋስ ይበረታል። ገበሬው ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። እህሉን አውድማ ላይ በመንሽና በላይዳ ከገለባው የሚለየው በበጋ ነው፤ የሚረዳው ንፋስ ያኔ ስለሚገኝ።

ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር ላይ የአዳማ ተርባይኖች በደንብ ሲሠሩ፣ ግድቦቹ በዚያው መጠን ትንሽ ውሃ ብቻ ይለቃሉ። ያልተለቀቀው ውሃ ለሚያዝያና ለግንቦት ይቆያል። በእኔ እምነት የንፋስ ኃይል ለኢትዮጵያ ያለው ዋና ጥቅም ይሄ ነው። የግድቡ ተፎካካሪ አይደለም፤ የግድቡን ውሃ ይቆጥባል።

«ንፋሱ ቀጥ ሲል መብራቱም ይጠፋል»

ንፋስ ብቻ ቢኖረን ይጠፋ ነበር። ግን ሁሉም ማመንጫ በአንድ መረብ የተያያዘ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ የውሃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ጨምሮ ክፍተቱን ይሞላል። ንፋሱ ሲመለስ ይቀንሳል። ይሄ ለሌላው ዓለም ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ ብዙ አገር ለዚህ ሲል ጋዝ ያቃጥላል፣ ወይም ውድ ባትሪ ይገዛል። ዴንማርክ ከግማሽ በላይ ኤሌክትሪኳን ከንፋስ ታገኛለች፤ ነገር ግን ለዚህ የሚሆን ግድብ ስለሌላት ከባሕር በታች ኬብል ዘርግታ ከኖርዌይ ግድቦች ጋር ተገናኝታለች። እኛ ግድቡም ንፋሱም በአንድ አገር ውስጥ አለን። ይህን ዕድል አቅልለን ማየታችን ያስቆጨኛል።

«153 ሜጋ ዋት ይሉናል እንጂ የሚገኘው ሲሶው ነው»

ቁጥሩ እውነት ነው፤ ስህተቱ የሚተረጎምበት መንገድ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የአዳማ ማመንጫ 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 153። ይህ ጥሩ ንፋስ ሲኖር የሚደርሱበት ጣሪያ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ የሚቆይ የንፋስ ማመንጫ የለም፤ በአማካይ ሲሶ አካባቢ ማግኘት የተለመደ ነው።

ግን ግድቡንስ በዚሁ ሚዛን ለክተነዋል? ህዳሴ በዓመት ያመነጫል የተባለው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው (አንድ ጊጋ ዋት 1,000 ሜጋ ዋት ነው)። ይህን በዓመቱ ሰዓታት ስናካፍለው በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይመጣል፤ የ5,150ው ሲሶ ቢበልጥ በትንሹ ነው። ንፋሱን የምንወቅስበት ነገር ግድቡም ላይ አለ። ሁለቱም ላይ ጥፋት አይደለም።

«የቆመ ማማ የተበላሸ ማማ ነው»

አንዳንዴ እውነትም ተበላሽቶ ወይም ጥገና ላይ ሆኖ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ንፋሱ በሰከንድ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር በታች ከሆነ ተርባይኑ አይነሳም። ንፋሱ በጣም ሲበረታ ደግሞ፣ በሰከንድ 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ይቆማል። የሚቆመው በፍሬን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ክንፍ ሥሩ ላይ ይዞርና ስለቱን ወደ ንፋሱ ይሰጣል፤ ንፋሱም የሚይዘው ነገር አጥቶ ያልፋል። አንዳንዴም መረቡ የሚመጣውን ኃይል መቀበል ሲያቅተው ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ቁሙ ይባላሉ። ጎን ለጎን ካሉት አንዱ ሲዞር ሌላው የሚቆመውም የኮረብታው ቅርጽ ለሁሉም እኩል ንፋስ ስለማይሰጥ ነው።

«ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጉልበት የለውም»

ይሄ የዓይን ስህተት ነው። የመጀመሪያው የአዳማ ማመንጫ ተርባይን ክንፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ 77 ሜትር ወርድ አለው። በደቂቃ 17 ጊዜ ቢዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ከሩቅ ስናየው ነው የተኛ የሚመስለን።

ደግሞም ንፋሱ ክንፉን እንደ በር እየገፋው አይደለም። ክንፉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተቀረጸ ነው። አየሩ በሁለቱ ገጾቹ ላይ በተለያየ ፍጥነት ሲያልፍ የግፊት ልዩነት ይፈጠራል፤ ያ ልዩነት ክንፉን ወደ ጎን ይስበዋል። ዙሩ ጄኔሬተር ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ብዙ ተርባይኖች በመሃል ዙሩን የሚያፈጥን ካምቢዮ አላቸው። በመጀመሪያው የአዳማ ማመንጫ ያሉት ግን ክንፉን ከጄኔሬተሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኙ ናቸው፤ ካምቢዮ የላቸውም፣ ስለዚህም የሚሰበር ዕቃ ይቀንስላቸዋል።

«ታዲያ የንፋሱን ጉልበት ለምን ሙሉ በሙሉ አይወስዱትም?» የሚል ይኖራል። ንፋሱ ጉልበቱን ሁሉ ቢሰጥ እዚያው ይቆም ነበር፤ ከኋላው ለሚመጣው አየር መንገድ አይለቅም። ጀርመናዊው አልበርት ቤትስ ከመቶ ዓመት በፊት አስልቶ ያገኘው ጣሪያ 59.3 በመቶ ነው። ማንም ተርባይን ከዚያ አያልፍም።

«ተራራ ላይ ከሆነ የትም ይሠራል»

አይሠራም። ወሳኙ የንፋሱ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስበት ቦታና 7 ሜትር የሚነፍስበት ቦታ ለቆዳችን ያው ናቸው፤ ለተርባይኑ ግን ልዩነቱ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ለዚህ ነው አንድ ማማ ከመተከሉ በፊት ቢያንስ ዓመት ሙሉ ንፋስ የሚለካው። ከፍታም ዋጋ ያስከፍላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር የሚሰጠው ጉልበትም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። መቀሌ አቅራቢያ ያለው የአሸጎዳ ማመንጫ ከዚህም ከፍ ይላል። አየሩ ቢሳሳም የንፋሱ ጥንካሬ ስለካሰው ነው 120 ሜጋ ዋት የተተከለበት።

ስለ ድምፅና ስለ ወፎች

ድምፁ አለ፤ ግን ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ካሉ ከቤት ፍሪጅ ብዙም አይበልጥም። የወፎቹ ነገር ግን ተራ ወሬ አይደለም። ስምጥ ሸለቆአችን በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል የሚመላለሱ ወፎች ዋና መንገድ ነው፤ ጥንብ አንሳና ንስር ደግሞ አየር ላይ ሲንሳፈፉ ክንፉን ላያዩት ይችላሉ። በኖርዌይ ስሞላ ደሴት ከሦስቱ ክንፎች አንዱን ጥቁር ቀለም ሲቀቡት የሚሞቱት ወፎች ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጥቂት ተርባይኖች ላይ የተደረገ ሙከራ ነው፤ እኛ ጋም ቢሞከር ደስ ይለኛል።

«ገና ሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው»

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላይዝ በንፋስ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ቤቱን ያበራው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። የተረፈውን ለመንደሩ መንገድ ልስጥ ቢል ሰዎቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እምቢ አሉት። ዛሬ ዓለም ላይ የተተከለው የንፋስ ኃይል ከ1,000 ጊጋ ዋት አልፏል፤ ግማሽ ገደማው ቻይና ነው ያለው። ከዓለም ኤሌክትሪክ 8 በመቶ ያህሉ ከንፋስ ይመጣል። ማሽኑም አድጓል። በመጀመሪያው የአዳማ ማመንጫ 34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት ይሰጣሉ። አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ላለው የአሰላ ፕሮጀክት ግን 29 ተርባይኖች ለ100 ሜጋ ዋት በቅተዋል።

«ማማው ከቆመ መብራት መጣ ማለት ነው»

ማማው ሥር የሚኖር ሰው ቤቱ ጨለማ ሆኖ ሲያይ ቢናደድ አልፈርድበትም። ከተርባይኑ የሚወጣው ኃይል ወደ ሰብስቴሽን ይሄዳል፣ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ በማስተላለፊያ መስመር ይጓዛል። ወደ ቀበሌው ለመመለስ ሌላ ትራንስፎርመር፣ ሌላ ምሰሶ፣ ሌላ በጀት ይፈልጋል። ለእርሻ መሬቱ ካሳ የተከፈለው ገበሬ መስመሩም እንዲደርሰው ከመጀመሪያው በፕሮጀክቱ ውስጥ መታቀድ አለበት ባይ ነኝ።

መስመር ሲረሳ የሚመጣውን ኪሳራ ጎረቤታችን ኬንያ ቀምሳዋለች። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ በእኛና በእነሱ ደጋ መካከል ተጨምቆ የሚወጣው ንፋስ ከዓለም ጠንካሮቹ አንዱ ነው። እዚያ 365 ተርባይኖች፣ በድምሩ 310 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው አለቁ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ማስተላለፊያ መስመር ግን የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2018 መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ንፋሱ ይነፍሳል፣ ማማዎቹ ቆመዋል፣ መንግሥት ደግሞ ላልተጠቀመበት ኃይል ካሳ ይከፍላል።