ከድሬዳዋ ሆኖ ወደ ሳይኮሎጂ መሻገር፦ የኦንላይን ኮንቨርዥን ማስተርስ

ኮንቨርዥን ማስተርስ በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዘው ወደ ሳይኮሎጂ መግባት ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ትምህርት ነው። በብዛት የሚሰጠው በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የሚገባበት አካውንታንትም፣ መምህርም፣ ነርስም ሊሆን ይችላል። በኦንላይን የሚያስተምሩ ስላሉ ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ወይም ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብሎ መማር ይቻላል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ። ይህ ማስተርስ ብቻውን ሳይኮሎጂስት አያደርግም። ፕሮግራሙ የብሪታንያ ሳይኮሎጂ ማኅበር እውቅና ካለውና ተማሪው ቢያንስ 50 ከመቶ ካመጣ፣ የሚያገኘው ለቀጣዩ የሙያ ሥልጠና የሚያበቃ መነሻ ነው። እዚያው ብሪታንያ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ከዚህ በኋላ 3 ዓመት የሚፈጅ ዶክትሬትና የሙያ ምዝገባ ይጠበቃል። እውቅና የሌለው ፕሮግራም ይህን በር እንኳ አይከፍትም። በአገር ቤት ደግሞ የውጭ ማስረጃ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የኦንላይን ዲግሪዎን እንዴት እንደሚያየው ሳይመዘገቡ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ዲግሪውን ከያዙ በኋላ መጠየቅ በጣም ያስቆጫል።

ትምህርቱ የቅድመ ምረቃ ተማሪ በዓመታት የሚያዳርሰውን መሠረት አጭቆ ነው የሚሰጠው። የአንጎል አሠራር፣ ትውስታና አስተሳሰብ፣ የልጆች እድገት፣ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂ፣ የሰዎች የባሕርይ ልዩነትና የምርምር ዘዴ ይገኙበታል። ጠቅላላው 180 ክሬዲት ነው። በሙሉ ጊዜ 1 ዓመት፣ በትርፍ ጊዜ 2 ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ብዙ ሰው የሚንገዳገደው ስታቲስቲክስ ላይ ነው። ሁለት ቡድን አለ እንበል፤ አንዱ በደንብ የተኛ፣ ሌላው እንቅልፍ ያጣ። የትውስታ ፈተና ውጤታቸው ተለያየ። ልዩነቱን እንዲሁ አጋጣሚ ሊፈጥረው ይችል ነበር ወይ? ለዚህ ቲ ቴስት የተባለ፣ የሁለት ቡድን አማካይ ውጤት የሚያነጻጽር ስሌት ይሠራል። ከስሌቱ የሚወጣው ፒ ቫልዩ (አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት የመታየት ዕድሉ) ከ0.05 ካነሰ ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ይባላል። ይህ ማረጋገጫ ስላልሆነ ግን «ተረጋገጠ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ጃሞቪ የተባለው የስታቲስቲክስ ማስሊያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ስለሚገኝ፣ ትምህርቱ ሳይጀመር መለማመድ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል።

የድሬ ከሰዓት ሙቀት ለንባብ አይመችም፤ ማለዳና ምሽት ይሻላሉ። በብሪታንያ አቆጣጠር ምሽት 6 ሰዓት የሚጀምር ክፍል ከጥቅምት እስከ መጋቢት እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ በተቀሩት ወራት 2 ሰዓት። ኢንተርኔቱን በተመለከተ ከተማችን ዕድለኛ ናት፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ሲደክም ሌላ ሲም አለ። ለመብራት መጥፋት ግን መፍትሔው ሌክቸሩን ቀድሞ ማውረድ ነው። ክፍያው በፓውንድ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን፣ በየጊዜው ከፋፍለው የሚከፍሉ ከሆነ የመጨረሻው ክፍያ በብር ሲሰላ ከመጀመሪያው በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። ምሥራቁ ለጥናት የሚሆን ነገር ሞልቶታል። የጫት ገበያዋ አወዳይ በድሬና በሐረር መካከል ናት፤ ጫትና እንቅልፍን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ግን ለጥናቱ የሚጠቀሙበት መጠይቅ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ መላሾቹ ደግሞ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ ይናገራሉ። ስለዚህ የትርጉም ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ጊዜም ይበላል። አንድም መጠይቅ ከመሞላቱ በፊት የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ መፍቀድ አለበት። ኮሚቴው ከሚጠይቃቸው አንዱ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ፈቃደኝነቱን እንዴት ይገልጻል የሚለው ነው። የፈቃድ ቅጹ ጮክ ተብሎ በራሱ ቋንቋ እንዲነበብለት፣ ምስክርም እንዲኖር በማመልከቻው ላይ አስቀድመው ይጻፉት።