የሲ ኤክስቴንሽን ለስኬችአፕ ሩቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስኬችአፕ የራሱን የሩቢ ኢንተርፕሪተር (በሩቢ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ እያነበበ የሚያስኬድ ክፍል) በውስጡ ይዞ የሚመጣ የስሪ ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ነው። በሩቢ የተጻፈ ፕለጊን ሲንቀረፈፍ ከባዱን ክፍል በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፎ ኮምፓይል ማድረግ (ወደ ማሽን ኮድ መቀየር) ይቻላል። የሚወጣው ፋይል፣ የሲ ኤክስቴንሽን የሚባለው፣ በዊንዶውስ «.ኤስኦ»፣ በማክ «.በንድል» የሚል ማብቂያ ይኖረዋል፤ እንደ ሌላው የሩቢ ፋይል ሁሉ በ«ሪኳየር» ይጫናል። ሥራውን የሚያጓትተው አብዛኛውን ጊዜ የሲ ቋንቋ አይደለም፤ ስለ አሠራሩ ሳይጣራ የተያዘ ግምት ነው።

«ወደ ሲ ካዞርኩት ይፈጥናል»

የሚፈጥነው ሉፑ ውስጥ ያለው ሥራ ንጹህ ስሌት ከሆነ ነው፦ በብዙ ሺህ ነጥቦች መካከል ርቀት መለካት፣ የገጽታ ማለስለሻ ስሌት፣ ሁለት ሜሾች (ከብዙ ትንንሽ ገጾች የተሠሩ ቅርጾች) የት እንደሚቆራረጡ መፈለግ። እዚህ ላይ ሲ ሩቢን በሰፊው ይበልጣል። የሲ ኮዱ ግን ለእያንዳንዱ ፌስ (ጠፍጣፋ ገጽ)፣ ከሲ የሩቢ ሜተድ በሚጠራው «አርቢ_ፈንኮል» አማካይነት፣ ፌስ የሚጨምረውን «አድ_ፌስ»ን እየጠራ ከሆነ ምንም ትርፍ የለውም። ጊዜውን የሚበላው ስኬችአፕ ራሱ ነው፤ አዲሱን ፌስ ቀድሞ ካለው ጂኦሜትሪ ጋር ያገናዝባል፣ ጠርዞችን ያዋህዳል። ጥሪው ከሩቢም መጣ ከሲ ይህ ሥራ አይቀንስም።

ስለዚህ ሲን ከመንካት በፊት ሦስት ነገር ይሞከር። ሥራውን በ«ስታርት_ኦፕሬሽን» መጠቅለልና ሁለተኛውን አርጊውመንት «ትሩ» ማድረግ፤ ይህ በየመሃሉ ስክሪኑ እንዳይታደስ ያደርጋል። ፌሶቹን በ«ፖሊጎንሜሽ» ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ማስገባት። ከ2022 ቨርዥን ጀምሮ ደግሞ ብዙ ጂኦሜትሪ በጅምላ የሚሠራውን «ኤንቲቲስ ቢልደር»ን መጠቀም። ብዙ ፕለጊን በእነዚህ ብቻ ይድናል።

ሲ የግድ ካስፈለገ ትልቁ ጥያቄ ዳታው እንዴት ይሻገራል የሚለው ነው። 100,000 ነጥቦች ቢኖሩ፣ ከሲ ውስጥ የእያንዳንዱን ኤክስ፣ ዋይና ዜድ መጠየቅ 300,000 የሜተድ ጥሪ ነው፤ ስሌቱ ነጥቦቹን ደጋግሞ የሚጎበኝ ከሆነ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይባዛል። የሚያዋጣው በሩቢ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ቁጥሮቹን በ«ቱ_ኤፍ» ወደ ፍሎት ቀይሮ በተዘረጋ አሬይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በ«ፓክ» በ«ዲ*» ፎርማት ወደ አንድ ስትሪንግ መጠቅለል ነው። ሲ ያንን ስትሪንግ እንደ ደብል ድርድር ያነበዋል። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሆነ 100,000 ነጥብ 2,400,000 ባይት ይይዛል፤ የስትሪንጉን ርዝመት ለ24 ማካፈል የነጥቦቹን ብዛት ይሰጣል። ውጤቱም በዚሁ መንገድ ተጠቅልሎ ተመልሶ በ«አንፓክ» ይፈታል። ቁጥሮቹ ሁልጊዜ በኢንች እንደሆኑ አይዘንጋ፤ ሞዴሉ በሜትር ቢታይም በውስጡ የሚቀመጠው ኢንች ነው።

«ኮምፒዩተሬ ላይ ባለው ሩቢ ኮምፓይል ካደረግሁት ይበቃል»

ኤክስቴንሽኑ የሚኖረው ስኬችአፕ ይዞት በመጣው ሩቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መመሳሰል ያለበት ከእሱ ጋር ነው። ስኬችአፕ 2014 ሩቢ 2.0ን ይዟል፣ 2017 2.2ን፣ 2019 2.5ን፣ 2021 2.7ን፣ 2024 ደግሞ 3.2ን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሲለወጡ አዲስ ቢልድ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ሲለወጥ አያስፈልግም። ለ2.7.1 የተሠራው በ2.7.2 ይሠራል። ፕለጊኑ ለእያንዳንዱ ቨርዥን የተለየ ፎልደር ይዞ፣ ሲነሳ «ሩቢ_ቨርዥን»ን አይቶ ትክክለኛውን ቢጭን ነገሩ ያልቃል።

በዊንዶውስ ላይ ፋይሉ የሚፈልገው የሩቢ ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የላይብረሪ ፋይል) ስም ኮምፓይል ሲደረግ በውስጡ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ኤክስ64-ኤምኤስቪሲአርቲ-ሩቢ270.ዲኤልኤል»። ያ ስም ስኬችአፕ ከጫነው ካልገጠመ አይከፈትም። የስህተት ቁጥሮቹን ማወቅ ብዙ መንገድ ያሳጥራል። 126 ፋይሉ የሚደገፍበት ሌላ ዲኤልኤል አልተገኘም ማለት ነው፤ የራስዎ ፋይል ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል። 193 የ32 ቢትና የ64 ቢት አለመጣጣም ነው። 127 የመነሻ ፈንክሽኑ አልተገኘም ማለት ሲሆን ይህ በአብዛኛው የስም ጉዳይ ነው፦ ፋይሉ «ሜሽቱል.ኤስኦ» ከሆነ በውስጡ በዚያው ፊደል «ኢኒት_ሜሽቱል» የሚባል ፈንክሽን መኖር አለበት። ፋይሉን ሪኔም ማድረግ ብቻውን ያበላሸዋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ሲጻፍ ደግሞ ከፈንክሽኑ ፊት «ኤክስተርን ሲ» ካልተደረገ ኮምፓይለሩ ስሙን ስለሚለውጠው ያው 127 ይመጣል።

በማክ ላይ አደገኛው ነገር ፋይሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ለብቻው ከተጫነ ሌላ ሩቢ ጋር ሊንክ መደረጉ (መያያዙ) ነው። ያኔ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ሩቢ ይጫናልና ስኬችአፕ ክራሽ ያደርጋል። «ኦቱል -ኤል» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ይዘረዝራል፤ በዝርዝሩ ላይ የሌላ ሩቢ አድራሻ ከታየ ሊንኩ መስተካከል አለበት። ለኢንቴልም ለአፕል ቺፕም እንዲሆን በሁለቱም ኮምፓይል ተደርጎ በ«ሊፖ -ኢንፎ» ይጣራ።

«በዊንዶውስ ቪዥዋል ስቱዲዮ ግድ ነው»

አይደለም። የዲኤልኤሉ ስምና ቨርዥኑ እስከተመሳሰለ ድረስ በሩቢ ኢንስቶለር ዴቭኪት የሚመጣው ጂሲሲም ይሠራል። የኮምፓይለሩ ላይብረሪዎች ግን በስታቲክ ሊንክ ይደረጉ (በፋይሉ ውስጥ ይካተቱ)፤ ካልሆነ በእርስዎ ማሽን የሠራው በተጠቃሚው ዘንድ 126 ይላል። በየትኛውም ኮምፓይለር ቢሆን በ«ኤክስማሎክ» የተወሰደ ሜሞሪ በ«ኤክስፍሪ» እንጂ በ«ፍሪ» አይመለስ።

«ጋርቤጅ ኮሌክተሩ በሲ ውስጥ ያሉትን የሩቢ ኦብጀክቶች ሁሉ ያያል»

ጋርቤጅ ኮሌክተር የማያስፈልጉ ኦብጀክቶችን ከሜሞሪ የሚጠርገው የሩቢ ክፍል ነው፤ ከሲ በኩል ስታክንና ሬጅስተሮችን ነው የሚያየው። በተራ የሲ ቫሪያብል ውስጥ ያለ «ቫልዩ» (በሲ የሩቢ ኦብጀክት መያዣ) በአብዛኛው ደህና የሚሆነው ለዚህ ነው። በግሎባል ቫሪያብል፣ በ«ማሎክ» በተወሰደ ቦታ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ቬክተር ውስጥ የተቀመጠውን ግን አያውቀውም፤ ሌላ ቦታ ካልተያዘ ሰብስቦ ይጥለዋል፣ እርስዎም የሞተ ኦብጀክት ይነካሉ። ግሎባሉ በ«አርቢ_ጂሲ_ሬጅስተር_አድሬስ» ይመዝገብ፤ በስትራክት ውስጥ ያለው በታይፕድ ዳታ የማርክ ፈንክሽን (ኦብጀክቱ አሁንም እንደሚፈለግ ለኮሌክተሩ በሚነግረው) ይጠቆም።

ይበልጥ ስውር የሆነው የስትሪንግ ፖይንተር ነው። ከላይ ባለው የ«ፓክ» ዘዴ ፖይንተሩን ወስደው ስሌቱን ሲጀምሩ፣ ኮምፓይለሩ «ቫልዩው ከዚህ በኋላ አይፈለግም» ብሎ ከሬጅስተሩ ሊያወጣው ይችላል። ፖይንተሩ ቀርቶ ስትሪንጉ ሊሰበሰብ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው ፖይንተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከተነካበት መስመር በታች «አርቢ_ጂሲ_ጋርድ» ማስቀመጥ ነው። በዲበግ ቢልድ የማይታይ፣ ኦፕቲማይዝ ሲደረግ ብቻ የሚመጣ ክራሽ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ለመፈተሽ «ጂሲ.ስትረስ»ን «ትሩ» አድርጎ ፈንክሽኑን መጥራት ነው፤ በወር አንዴ የሚመጣው ስህተት ብዙ ጊዜ ወዲያው ይወጣል። የስሌቱ ክፍል የስኬችአፕን ክላሶች ካልነካ ይህን ከስኬችአፕ ውጭ፣ ቨርዥኑ በተመሳሰለ ሩቢ ላይ መሞከር ይቻላል፤ በጣም ይመከራል።

«አርቢ_ሬይዝ እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ኤክሰፕሽን ነው»

የሩቢ ስህተት የሚያነሳው «አርቢ_ሬይዝ» በ«ሎንግጃምፕ» ዘልሎ ነው የሚወጣው፤ ዲስትራክተሮች (ኦብጀክት ሲያልቅ የሚያጸዱ ፈንክሽኖች) ለመጠራታቸው ዋስትና የለም፣ ሜሞሪና የተከፈተ ፋይል ሊፈስ ይችላል። በተቃራኒው የሲ ፕላስ ፕላስ ኤክሰፕሽን ወደ ሩቢ ካመለጠ ስኬችአፕ በድንገት ይዘጋል። አስተማማኙ አካሄድ ሁሉንም በ«ትራይ» ውስጥ ማድረግ፣ በ«ካች» መልእክቱን ወደ ቋሚ የካራክተር ድርድር መቅዳት፣ ከብሎኩ ሙሉ በሙሉ ከወጡ በኋላ «አርቢ_ሬይዝ»ን መጥራት ነው። ከሲ ወደ ሩቢ የሚሄዱ ጥሪዎችም ስህተት ሊያነሱ ስለሚችሉ፣ ዙሪያቸው የሚጸዳ ነገር ካለ በ«አርቢ_ፕሮቴክት» ይጠሩ።

«በሲ ትሬድ ከፍቼ ሞዴሉን ከጀርባ አስተካክላለሁ»

የስኬችአፕ ኤፒአይ (ፕለጊኖች የሚጠሯቸው ትእዛዞች) ከዋናው ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች ዋናው) ውጭ መጠራት የለበትም። በሲ የከፈቱት ትሬድ ደግሞ የሩቢን ፈንክሽኖች ጭራሽ መንካት አይችልም፣ አንዲት ስትሪንግ መፍጠር እንኳ። ትሬዱ በራሱ ሜሞሪ ላይ በተቀዳ ዳታ ያስላ፤ ሲጨርስ ምልክት ያስቀምጥ። በሩቢ በኩል «ዩአይ.ስታርት_ታይመር» በየ0.1 ሰከንዱ ምልክቱን እያየ፣ ውጤቱ ሲደርስ ሞዴሉን በዋናው ትሬድ ላይ ይቀይር።

«ኮምፓይል የተደረገ ኮድ አይነበብም»

ማንበብ ይከብዳል እንጂ አይከለከልም። በ«አርቢ_ዲፋይን_ሜተድ» የተሰጡት ስሞች ሁሉ በፋይሉ ውስጥ በግልጽ ይታያሉ፤ የይለፍ ቁልፍ በስትሪንግ ተጽፎ ከተቀመጠም እንዲሁ።

«ለውጤን ለማየት ሎድ ማድረግ ይበቃኛል»

ይህ ለሩቢ ፋይል ብቻ ይሠራል። የተጫነ «.ኤስኦ» እስከ ስኬችአፕ መዘጋት ድረስ አይወርድም፤ ዊንዶውስም ፋይሉን ስለሚቆልፈው ኮምፓይለሩ በላዩ መጻፍ አይችልም። ተጠቃሚው ፕለጊኑን ሲያድስም ይኸው ችግር ይገጥመዋል፦ የሩቢ ፋይሎቹ ይቀየራሉ፣ «.ኤስኦ»ው አሮጌው ሆኖ ይቀራል፣ ሁለቱ አይግባቡም። መከላከያው ፕለጊኑ ሲነሳ ፋይሉን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ቀድቶ ከዚያ መጫን ነው፤ ዋናው ሳይቆለፍ ስለሚቀር በነፃነት ይተካል። ሲቀዳ የሚለወጠው የፎልደሩ ስም ነው፤ የፋይሉ ስም ከተነካ 127 ይመጣል። የሩቢው ክፍል ደግሞ ሲነሳ በሲ ውስጥ የተጻፈውን የቨርዥን ቁጥር ከራሱ ጋር ያስተያይ፤ ካልተመሳሰለ ተጠቃሚው ስኬችአፕን ዘግቶ እንዲከፍት ይንገረው።