የማይቶኮንድሪያና የክሎሮፕላስት ዘረመል፦ አመጣጥ፣ ውርስና ለውጥ

ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ከኒውክሊየሱ ውጭ የራሳቸው ዲኤንኤ ያላቸው የሕዋስ ክፍሎች ናቸው። ማይቶኮንድሪያ ከምግብ የሚገኘውን ጉልበት በኦክስጅን አማካይነት ሕዋሱ ወደሚጠቀምበት የጉልበት ሞለኪውል፣ ወደ ኤቲፒ ይለውጣል፤ ክሎሮፕላስት በዕፅዋትና በአልጌ ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ሁለቱም ድሮ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ የነበሩ የባክቴሪያዎች ዘሮች ናቸው። ዛሬ የቀራቸው ጂኖም (የዲኤንኤ ጠቅላላ ስብስብ) ትንሽ ቢሆንም በአንድ ሕዋስ ውስጥ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ቅጂ ይገኛል። ውርሳቸው የሜንዴልን ሕግ የማይከተለው፣ በሽታዎቻቸው ከአንድ እናት ልጆች መካከል አንዱን ክፉኛ ጎድተው ሌላውን የሚያልፉት በአብዛኛው ከዚህ የቅጂ ብዛት የተነሣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አመጣጥ

ክሎሮፕላስት ከውጭ የገባ ፍጥረት ነው የሚለውን ሐሳብ ሩሲያዊው ኮንስታንቲን መረሽኮቭስኪ በ1905 አሳተመ። ብዙም ሰሚ አላገኘም። በ1962 በክሎሮፕላስት፣ በ1963 ደግሞ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ዲኤንኤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ፤ ሊን ማርጉሊስም በ1967 ሐሳቡን በአዲስ መልክ አቀረበችው። ማርጉሊስ የሕዋስ ጅራፎችም ከባክቴሪያ የመጡ ናቸው ትል ነበር፤ ይህ ክፍል ማስረጃ አላገኘም። ስለ ሁለቱ የሕዋስ ክፍሎች ያለችው ግን የራይቦሶም አርኤንኤ ቅደም ተከተሎች ሲነጻጸሩ ጸና። ማይቶኮንድሪያ ከአልፋፕሮቲዮባክቴሪያ፣ ክሎሮፕላስት ከሳያኖባክቴሪያ ጋር ዘመድ ሆነው ተገኙ።

ማይቶኮንድሪያን የተቀበለችው አስተናጋጅ ሕዋስ ከአርኬያ፣ ማለትም ከባክቴሪያ ከተለዩ ኒውክሊየስ አልባ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስያን ወገን ነበረች። ሎኪአርኬዮታ የተባሉት ተሕዋስያን በ2015 ከታወቁ ወዲህ የቅርብ ዘመዶቿ አስጋርድ የሚባሉት አርኬያዎች መሆናቸው ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። ክሎሮፕላስት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባንጂኦሞርፋ የተባለው የቀይ አልጌ ቅሪተ አካል ዕድሜው 1.05 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ውህደቱ ከዚያ መቅደም አለበት።

የክሎሮፕላስት ታሪክ ከማይቶኮንድሪያ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ክሎሮፕላስት ያለው አልጌ ራሱ በሌላ ሕዋስ ተውጦ እንደገና የሕዋስ ክፍል የሆነበት ጊዜ አለ። በወባ ተሕዋስ ውስጥ ያለው አፒኮፕላስት ከቀይ አልጌ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው፤ ብርሃን መጠቀሙን ትቷል፣ 35 ሺህ ጥንድ ቤዝ (ጥንድ የዲኤንኤ ፊደል) የሚሆን ጂኖሙን ግን ይዟል። ፓውሊኔላ የተባለችው አሜባ ደግሞ ከሌሎቹ ተለይታ የራሷን ሳያኖባክቴሪያ አላምዳለች። የእርሷ እንግዳ ጂኖም ገና 1 ሚሊዮን ጥንድ ቤዝ ያህል ስለሆነ፣ መቀነሱን በመካከለኛ ደረጃ ላይ ለማየት ከእርሷ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ጂኖች ወደ ኒውክሊየስ ሲሄዱ

የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በ1981 በካምብሪጅ ሙሉ በሙሉ ተነበበ። ርዝመቱ 16,569 ጥንድ ቤዝ፣ የጂኖቹ ቁጥር 37 ነው፦ 22 የማጓጓዣ አርኤንኤ፣ 2 የራይቦሶም አርኤንኤ፣ 13 ፕሮቲን። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ግን ከ1,100 ይበልጣሉ። የቀሩት ሁሉ ትእዛዛቸው በኒውክሊየስ ተጽፎ፣ በሳይቶፕላዝም ተሠርተው፣ ቶምና ቲም በተባሉ በሮች በኩል የሚገቡ ናቸው። አብዛኞቹ ከፊታቸው 15 እስከ 50 አሚኖ አሲድ የሚሆን መለያ አላቸው፤ ሲገቡ ይቆረጣል። በክሎሮፕላስት በኩል በሮቹ ቶክና ቲክ ይባላሉ።

ይህ ፍልሰት በቤተ ሙከራ ተለክቷል። በ2003 በታተመ ጥናት በትምባሆ ክሎሮፕላስት ውስጥ ካናማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ጂን ተተከለ፤ ጂኑ የተዘጋጀው በኒውክሊየስ ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ከዚያ የዚህ ተክል ብናኝ ተራ የትምባሆ አበባ ላይ ተደርጎ ዘሮቹ በካናማይሲን ላይ ተዘሩ። በትምባሆ ክሎሮፕላስት በብናኝ ስለማይተላለፍ በሕይወት የሚተርፈው ጂኑ ወደ ኒውክሊየስ የዘለለበት ችግኝ ብቻ ነው። ውጤቱ ከ16,000 ብናኞች አንድ ገደማ ሆነ። ይህ በዝግመተ ለውጥ መለኪያ እጅግ ፈጣን ነው። ዲኤንኤው መዝለሉ ግን ጂኑን ሥራ ላይ አያውለውም፤ የኒውክሊየስ ማስጀመሪያና ያ የመግቢያ መለያ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ያለ ቅጂ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ጥቂቶቹ ጂኖች ለምን ቀሩ? ሁለት መልሶች ጎላ ብለው ይነሣሉ። አንደኛው ውኃ የሚጠሉ፣ ሽፋኑን ደጋግመው የሚያቋርጡ ፕሮቲኖች ከውጭ ተሠርተው ለመግባት ይቸገራሉ ይላል። ሁለተኛው የጆን አለን ሐሳብ ነው፤ የኤሌክትሮን ፍሰት ሲዛባ ፈጥኖ ለማስተካከል ጂኑ እዚያው ቦታው ላይ መኖር አለበት ይላል። ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም፤ ኮክስ-1 እና ሳይቶክሮም ቢ የተባሉት የኤሌክትሮን ፍሰት ጂኖች በጣም ባነሱት ጂኖሞች ውስጥ እንኳ መገኘታቸውም ለሁለቱም ይስማማል። ኃይል በኦክስጅን ማምረት የተወ ተሕዋስ ግን ብዙውን ጊዜ ዲኤንኤውን ጨርሶ ይጥለዋል። ጃርድያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሚቶሶም የሚባሉ ትንንሽ የማይቶኮንድሪያ ቅሪቶች ብቻ ቀርተውታል። ሞኖሰርኮሞኖይድስ የተባለው ደግሞ ማይቶኮንድሪያውን በሙሉ እንዳጣ በ2016 ተዘግቧል።

የጂኖሞቹ መልክ

መጠኑ ወጥ አይደለም። የወባ ተሕዋስ ማይቶኮንድሪያ 6 ሺህ ጥንድ ቤዝና ሦስት የፕሮቲን ጂኖች ብቻ ሲኖሩት፣ ሬክሊኖሞናስ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ በ69,034 ጥንድ ቤዝ 97 ጂኖች ይዟል። በዕፅዋት ርዝመቱ ያብጣል፤ ሲሊን ኮኒካ በተባለው ተክል 11 ሚሊዮን ያልፋል፣ ነገር ግን የጂኑ ቁጥር አብሮ አላደገም። የክሎሮፕላስት ጂኖም የተረጋጋ ነው፤ በአብዛኞቹ የየብስ ዕፅዋት 120 እስከ 160 ሺህ ጥንድ ቤዝ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜም ሁለት ተገላባጭ ድግግሞሾች አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ክፍል ለይተው ያቅፋሉ።

የለውጥ ፍጥነቱም በወገን ይለያል። በአጥቢ እንስሳት የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከኒውክሊየሱ በብዙ እጥፍ ይቀየራል። በዕፅዋት ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሦስቱ ጂኖሞች ቀርፋፋው የማይቶኮንድሪያው ነው፣ ምክንያቱም ኤምኤስኤች-1 የተባለው ፕሮቲን የሚሳተፍበት ጥገና ስሕተትን በሌላ ቅጂ እያመሳከረ ያርማል። የጂን ቅደም ተከተሉ ግን በዕፅዋት ያለ ዕረፍት ይገለባበጣል።

የዘረመል ኮዱንም እንዳለ መውሰድ አይቻልም። በሰው ማይቶኮንድሪያ ዩጂኤ የተባለው ባለ ሦስት ፊደል ምልክት ማቆሚያ መሆኑ ቀርቶ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያመለክታል፤ ኤዩኤ ደግሞ ሜታዮኒንን ያመለክታል። ይህ የታወቀው በ1979 ነው። የማይቶኮንድሪያን ጂን በተለመደው ኮድ የሚተረጉም ተማሪ በየመሐሉ የሐሰት ማቆሚያ ያገኛል።

ውርስ

ካርል ኮረንስና ኤርቪን ባውር በ1909 በዝንጉርጉር ቅጠሎች ላይ ያዩት የመጀመሪያው ፍንጭ ነበር። በኮረንስ ተክል ነጭ ቅርንጫፍ ላይ የበቀለ አበባ፣ ብናኙ ከየትም ይምጣ፣ ነጭ ችግኝ ብቻ ይሰጣል። በባውር ጄራኒየም ግን ከሁለቱም ወላጆች ይወረሳል። ስለዚህ «ሁልጊዜ ከእናት» የሚለው አባባል ጠባብ ነው። በፓይን ዛፎች ክሎሮፕላስት ከአባት፣ ማይቶኮንድሪያ ከእናት ይወረሳል፤ በሙዝ የተገላቢጦሽ ነው። በአንዳንድ ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳት ወንዶቹ የአባታቸውን ማይቶኮንድሪያ ለወንድ ልጆቻቸው ያሳልፋሉ።

በሰው እንቁላል ከ100,000 በላይ ቅጂዎች ሲኖሩ፣ ከወንዴው ዘር ጋር የሚገቡት ጥቂቶች ተለይተው ይወገዳሉ። አንድ ሕዋስ ጤናማና የተበላሸ ቅጂ አብሮ ከያዘ ሁኔታው ሄትሮፕላስሚ ይባላል። ሕዋሱ ሲከፈል ቅጂዎቹ በዕጣ ስለሚከፋፈሉ ድርሻው ይዋዥቃል። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ደግሞ በእንቁላል አፈጣጠር ወቅት የቅጂው ቁጥር በጣም ይቀንሳል። 30 በመቶ የተበላሸ ቅጂ ካላት እናት አንዱ ልጅ 5፣ ሌላው 80 በመቶ ይዞ ሊወለድ የሚችለው ለዚህ ነው። ምልክት የሚታየው ድርሻው ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ነው፤ ወሰኑ እንደ ሚውቴሽኑና እንደ አካሉ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል።

በምርመራ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። በ3243ኛው ቦታ ኤ በጂ የተተካበት ሚውቴሽን ስኳር በሽታና የመስማት ችግርን፣ ሲከፋም ስትሮክ መሰል ጥቃትን ያመጣል፤ በደም ውስጥ ግን ድርሻው ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። የአዋቂ ደም ብቻ መርምሮ «የለም» ማለት አይቻልም፤ የሽንት ወይም የጡንቻ ናሙና ይሻላል። ትልልቅ የዲኤንኤ ጉድለቶችም ከደም ጠፍተው በጡንቻ ይገኛሉ። በሌላ በኩል የማይቶኮንድሪያ በሽታ ሁሉ ከእናት አይመጣም። ፖልጂ የተባለው፣ የማይቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚቀዳው ኢንዛይም ጂን የሚገኘው በኒውክሊየስ ነው፤ ሲበላሽ ውርሱ የሜንዴልን ሕግ ይከተላል።

የተበላሸው ቅጂ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ብሪታንያ በ2015 የፈቀደችው ዘዴ የወላጆቹን ኒውክሊየስ ወደ ለጋሽ እንቁላል ያዛውራል። በ2025 በዚህ መንገድ የተወለዱ ስምንት ሕፃናት መረጃ ታትሟል፤ የእናትየው የተበላሸ ቅጂ በደማቸው ከማይለይ መጠን እስከ 16 በመቶ ደርሷል። ኒውክሊየሱ ሲወሰድ ትንሽ ሳይቶፕላዝም አብሮ መሄዱ አይቀርም።

በዕፅዋት ማዳቀል

ድቅል ዘር የሚያመርቱ ሰዎች የአበባ ብናኝ የማይሰጥ ተክል ይፈልጋሉ፤ ወንዴውን ክፍል በእጅ መንቀል ይቀርላቸዋልና። ይህን መካንነት የሚያመጡት ብዙ ጊዜ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ተቆራርጠው የተገጣጠሙ እንግዳ ጂኖች ናቸው፤ የሚያክሙት ደግሞ በኒውክሊየስ ያሉ መላሽ ጂኖች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ በተባለው ሳይቶፕላዝም ላይ የተመሠረተው በቆሎ በ1970 ፈንገስ በሚያመጣው የቅጠል ዋግ ተመታ፣ ከአገሪቱ ምርትም 15 በመቶ ገደማ ጠፋ። መካንነቱን የሚሰጠው ፕሮቲን ራሱ የፈንገሱ መርዝ ሲያገኘው የማይቶኮንድሪያን ሽፋን ይበሳል። የማሳው ሁሉ እናት አንድ ስለነበረች ተጋላጭነቱም አንድ ሆነ።

ትራያዚን የተባለውን ፀረ-አረም የሚቋቋሙ አረሞችም ሚስጥራቸው በክሎሮፕላስት ነው። በፒኤስቢኤ ጂን 264ኛው አሚኖ አሲድ ሲሪን በግላይሲን ሲተካ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል፤ ብርሃንን የመጠቀም ብቃቱ ግን ይደክማል።

ክሎሮፕላስትን ሆን ብሎ መለወጥ በ1988 በአልጌ፣ በ1990 በትምባሆ ተሳክቷል። በዲኤንኤ የተለበሱ የወርቅ ወይም የተንግስተን ቅንጣቶች ወደ ቅጠሉ ይተኮሳሉ፤ አዲሱ ጂን ግራና ቀኙ ከክሎሮፕላስቱ ጋር በሚመሳሰል ቅደም ተከተል ስለታጀበ በተፈለገው ቦታ ይገባል። ቅጠሉ ስፔክቲኖማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ባለበት ምግብ ላይ ይቀመጣል፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣው ይመረጣል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። በራሱ ራይቦሶም አርኤንኤ ላይ ሚውቴሽን የደረሰበት ተክልም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ስፔክቲኖማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን አንድ ላይ ባሉበት ምግብ ላይ ይፈተናል፣ የተተከለው ጂን ሁለቱንም ይቋቋማልና። ሁለተኛው ችኮላ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቡቃያ የአዲስና የነባር ቅጂ ድብልቅ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርጦ እንደገና ካላበቀሉትና ነባሩ መጥፋቱ ካልተረጋገጠ፣ አንቲባዮቲኩ ሲነሣ ነባሩ ተመልሶ ሊነግሥ ይችላል። በማይቶኮንድሪያ በኩል መሪ አርኤንኤ ማስገባት አስቸጋሪ በመሆኑ በመሪ አርኤንኤ ጂን የሚያርመው ክሪስፐር የተባለው ዘዴ ብዙም አልረዳም፤ በ2020 ይፋ የሆነው አርኤንኤ የማይፈልግ ቤዝ ቀያሪ ፕሮቲን ግን መንገድ ከፍቷል።

ታሪክን ከእነዚህ ጂኖሞች ማንበብ

በ1987 ርቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን የ147 ሰዎችን ማይቶኮንድሪያ አነጻጽረው የጋራ እናት መሥመሩ ከ200,000 ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካ ላይ እንደሚገናኝ አሳዩ። ያቺ ሴት በዘመኗ ብቸኛ አልነበረችም፤ የሌሎቹ የእናት ሐረግ በመካከል ተቋረጠ እንጂ። አንድ መሥመር ብቻ መከተል ምን ያህል እንደሚያጎድል የኒያንደርታል፣ የጠፉት የሰው ዘመዶች፣ ጉዳይ ያሳያል። የ1997ቱ የማይቶኮንድሪያ ውጤት ከዛሬ ሰዎች ጋር ምንም መደባለቅ አላሳየም፤ በ2010 የኒውክሊየሱ ጂኖም ሲነበብ ግን ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሕዝቦች ከኒያንደርታል የመጣ ከ1 እስከ 4 በመቶ ዲኤንኤ እንደያዙ ታየ።

እንስሳትን በኮክስ-1፣ ዕፅዋትን አርቢሲኤልና ማትኬ በተባሉ የክሎሮፕላስት ጂኖች ለይቶ ማወቅ ዛሬ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የሚያታልለው ወደ ኒውክሊየስ የዘለለው ቅጂ ነው። በድመት 7.9 ሺህ ጥንድ ቤዝ የሆነ የማይቶኮንድሪያ ቁራጭ ከ38 እስከ 76 ጊዜ ተደጋግሞ በኒውክሊየስ ተገኝቷል፤ ዲኤንኤን የሚያባዛው ዘዴ ፒሲአር ይህን እንደ እውነተኛው ሊያነሣው ይችላል። በውጤቱ ላይ ያልተጠበቀ ማቆሚያ፣ የጠፋ ወይም የተጨመረ ቤዝ፣ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ተደራራቢ ምልክት ከታየ መጠርጠር ያስፈልጋል። መፍትሔው ረጅም ቁራጭ ማባዛት ወይም ማይቶኮንድሪያ የበዛበትን ጡንቻ መጠቀም ነው፤ የወፍ ደም በተለይ አይመረጥም፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ኒውክሊየስ ስላላቸውና ማይቶኮንድሪያቸው ጥቂት ስለሆነ።