የግድግዳ አትክልት፦ አሠራሩና ውሃ አጠጣጡ

የግድግዳ አትክልት፣ ብዙዎች ቨርቲካል ጋርደን የሚሉት፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ግድግዳ ወይም ፍሬም ላይ ተክል የማሳደግ ዘዴ ነው። ጓሮ ለሌለው ቤት፣ ለጠባብ በረንዳ፣ ለደረቅ የአጥር ግንብ ጥሩ መላ ነው። አበባም፣ ሰላጣም፣ እንጆሪም ይበቅልበታል። ፎቶው ሲታይ የጌጥ ነገር ይመስላል። ሲገቡበት ግን አብዛኛው ሥራ የውሃ ሥራ ነው። የግድግዳ አትክልት የሚበላሸው በአብዛኛው በአንድ መንገድ ነው፦ ላይኛው ተክል በጥም ይደርቃል፣ ታችኛው በውሃ ብዛት ይበሰብሳል።

ከየት መጣ

ግድግዳን በሐረግ ማልበስ የቆየ ነገር ነው። በዚያ አሠራር ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ግንዱና ቅጠሉ ብቻ ነው። ሥሩንም ጭምር ግድግዳው ላይ የማውጣት ሐሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጣ። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመልክዓ ምድር ንድፍ ፕሮፌሰር የነበረው ስታንሊ ሃርት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1938 ለዚህ ዓይነት ግድግዳ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወሰደ። ነገሩ ግን ያኔ አልተስፋፋም።

ዓለም ያወቀው በፈረንሳዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት በፓትሪክ ብላን ነው። ብላን በሞቃታማ ደኖች ውስጥ በድንጋይና በገደል ላይ የሚበቅሉ ተክሎችን ያጠና ሰው ነው። እነዚያ ተክሎች ጥልቅ አፈር የላቸውም። ውሃ፣ በውሃው የሚሟሟ ማዕድን፣ ብርሃንና አየር ካገኙ ይበቃቸዋል። ይህንኑ ወደ ከተማ አመጣው። የብረት ፍሬም ያቆማል፣ በላዩ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፒቪሲ ሰሌዳ ይገጥማል፣ በሰሌዳው ላይ ውሃ የሚመጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይወጥራል። ውሃ ከላይ ይለቀቃል፣ ሥሩ ጨርቁ ላይ ይሰራጫል። አፈር የሚባል ነገር የለም። ከነተክሉ በካሬ ሜትር ከ30 ኪሎ በታች ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የፓሪሱ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ግድግዳ የእሱ ሥራ ነው። በማድሪድ ካይሻፎረም በተባለው የባህል ማዕከል አጠገብ ያለው 24 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳም እንዲሁ።

እነዚህን አይቶ ቤት ውስጥ በጨርቅ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙ ነው። እኔ አልመክርም። ጨርቅ ውሃ አያጠራቅምም። በሞቃት ቀን ፓምፑ ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ ተክሉ ይጠወልጋል። ሙዚየም ሠራተኛ መድቦ ይከታተላል፤ ቤት ውስጥ ግን መብራት ይጠፋል፣ ሰውም ውሎ ይገባል።

ለቤት የሚሆነው የትኛው ነው?

ቀላሉ ከግድግዳው ፊት ሽቦ ወይም የእንጨት መወጣጫ አቁሞ ሐረግ መትከል ነው። ሥሩ መሬት ወይም ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ስለሚሆን የውሃ ጭንቀቱ ትንሽ ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሁለተኛው ኪስ ያለው ሸራ ነው። ይረክሳል፣ ቶሎ ይሰቀላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሦስተኛው በረድፍ የሚደረደር የፕላስቲክ ሳጥን ነው። አንዳንዱ ሳጥን ከሥሩ ትንሽ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው፤ ሰው ቢረሳው እንኳ ጥቂት ቀን ይታገሣል። የተቆረጠ የፒቪሲ ቱቦ፣ አሸንዳ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፓሌት የሚባለው የእንጨት የዕቃ መደርደሪያም ይሠራል። ፓሌት ከሆነ በኬሚካል ያልታከመ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ በተለይ የሚበላ ነገር የሚተከልበት ከሆነ።

ግድግዳውን አስቀድሞ ማየት

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህንን የሚረሳ ሰው ግድግዳውን ይጎዳል። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሳጥን 22 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። በተራ አፈር ተሞልቶ ውሃ ሲጠጣ ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። አምስት ረድፍ ሲሰቀል ከ150 ኪሎ በላይ ማለት ነው። የኮንክሪት ግድግዳ ይችለዋል። ጂፕሰም ቦርድ ግን አይችልም፤ ውስጡ ያለውን ቋሚ ፍሬም ካላገኙ በስተቀር። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ከሆነም ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) አይበቃም። ጥርጣሬ ካለ ክብደቱን መሬት የሚሸከመው፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ፍሬም መሥራት ነው። ግድግዳው ላይ የሚታሰረው እንዳይወድቅ ብቻ ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ እርጥበት ነው። ሳጥኑን ግድግዳው ላይ ልጥፍ ማድረግ ቀለሙን ይልጣል፣ ሻጋታም ያመጣል። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መተው አየር እንዲያልፍ ያደርጋል። ለቤት ውስጥ ከሆነ ከክፍተቱ በተጨማሪ ከኋላ ውሃ የማያሳልፍ ሰሌዳ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ያስፈልጋል።

ብርሃኑን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስንት ሰዓት እንደምታርፍ አንድ ቀን ማየት ይበቃል። ፍሬ የሚሰጥ ነገር በቀን ለ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ ይፈልጋል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ነዓና ባነሰ ይኖራሉ። ፀሐይ ለማይደርስበት ክፍል እንደ ፖቶስ፣ ፈርንና ፒስ ሊሊ ያሉት አሉ። መስኮት ጨርሶ ከሌለ የተክል መብራት መግጠም ግድ ነው።

ምን ውስጥ፣ ምን ይተከል?

ከጓሮ የተዛቀ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይከብዳል፣ ውሃ ሲደጋገምበት ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ አየር ያጣል። ኮኮፒት የሚባለው የኮኮናት ቃጫ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና ፐርላይት የሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠር ተደባልቀው የተሻለ ይሠራሉ። ቀላል ናቸው፣ ውሃም ይይዛሉ፣ ትርፉንም ይለቃሉ።

ተክል ሲመረጥ ደግሞ ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ እያሰቡ ነው። ላይኛው ረድፍ ነፋስና ፀሐይ ይበዛበታል፣ ውሃውም ቶሎ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ላይ ድርቅ የሚችሉት ይቀመጣሉ፦ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ሳኩለንቶች። መሀል ላይ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ እንጆሪ። ታች እርጥበት የሚወዱት፣ እነ ፈርንና ነዓና። ነዓና ብቻውን ሳጥን ይሰጠው። ሥሩ ጎረቤት አያስቀምጥም። ትልቅ ተክል ገዝቶ ወዲያው ግድግዳውን መሙላት ያጓጓል፣ ትንሽ ችግኝ ግን ከጠባብ ቦታ ጋር ቶሎ ይላመዳል።

ውሃው

በእጅ ማጠጣት ለሁለት ሦስት ረድፍ ይበቃል። አንድ ዘዴ ግን አለው። በጣም የደረቀ ድብልቅ ውሃ ቶሎ አይቀበልም፤ የፈሰሰው ሁሉ በጠርዙ ሾልኮ መሬት ላይ ይወርዳል፣ ሥሩ እንደደረቀ ይቀራል። መፍትሔው በሁለት ዙር ማጠጣት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ያርከፈክፉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ በደንብ ይድገሙት።

ከዚያ በላይ ሲሆን የጠብታ መስኖ ይሻላል። ከቧንቧው ቀጥሎ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቼክ ቫልቭ ይገባል። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ውሃ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር እንዳይገባ ይህ አይዘለልም። ቀጥሎ ውሃውን በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ታይመር፣ ማጣሪያ፣ ግፊት መቀነሻ፣ ዋናው ቱቦ፣ በመጨረሻ ድሪፐር የሚባለው ጠብታ ማውጫ። ለያንዳንዱ ረድፍ የራሱ መስመር ይዘረጋል። ከላይ ብቻ አጠጥቶ ታች እስኪደርስ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው። ቱቦው ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ አልጌ ያበቅላል።

የቧንቧ ውሃ የሌለበት ቦታ ከፍ ብሎ የተቀመጠ በርሜል ይሠራል። ግፊቱ ግን ትንሽ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። ግፊት አስተካካይ የሆኑት ድሪፐሮች በዚህ ግፊት በትክክል አይሠሩም፤ ተራዎቹን መጠቀም ነው። ፓምፕ ሲገዛ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከፍታ አያታልል። ያ ቁጥር ውሃው ደርሶ የሚቆምበት ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈሰው መጠን ዜሮ ነው። ግድግዳው 2 ሜትር ከሆነ 2 ሜትር የሚል ፓምፕ ላይኛውን ረድፍ አያጠጣም።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ሳይፎን ነው። ማጠራቀሚያው ከታችኞቹ ሳጥኖች ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፓምፑ ጠፍቶም ውሃው በቱቦው መውረዱን ሊቀጥል ይችላል። ጠዋት ሲነሱ ወለሉ ውሃ በውሃ ነው። ማጠራቀሚያውን ከሁሉም በታች ማድረግ ይህን ያስቀራል።

ስንት ደቂቃ? ስሌቱ ከባድ አይደለም። በሰዓት 2 ሊትር የሚያወጡ 20 ድሪፐሮች ካሉ በሰዓት 40 ሊትር ይሆናል። 6 ደቂቃ ከተከፈተ 4 ሊትር ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት አንዴ አጥለቅልቆ ከመተው ይሻላል፤ ትርፉ ታች ወርዶ ይባክናልና። ሸራ ኪስ በሙቀት ጊዜ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ጥልቅ ሳጥን በቀን አንዴ፣ ሲቀዘቅዝ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይበቃዋል። ጧት ማጠጣት ጥሩ ነው። ማታ የረጠበ ቅጠል ሲያድር ለፈንገስ ይጋለጣል። ከታይመሩ ይልቅ ጣት ይታመን፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ደረቅ ከሆነ ውሃ ያስፈልጋል።

ከታች የሚጠራቀመውን ውሃ በፓምፕ መልሶ ማዞር ይቻላል። ቁጠባ ነው። ነገር ግን በዞረ ቁጥር ጨው ይጠራቀምበታል፣ የአንዱ ተክል የሥር በሽታም ለሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ የማጠራቀሚያው ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ ያህል ይቀየር። ክዳንም ይኑረው፣ አለበለዚያ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። አፈር በሌለበት አሠራር ማዳበሪያው ከውሃው ጋር መምጣት አለበት። ያኔ የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ተክሉ ማዕድኑን በደንብ ይወስዳል።

አየር ያጸዳል ይባላል

የግድግዳ አትክልት ሻጮች የቤቱን አየር ያጸዳል ማለት ይወዳሉ። መነሻው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጥናት ነው። ሙከራው የተደረገው ግን በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ተራ የአየር ዝውውር የሚያደርገውን ለማድረግ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። መስኮት መክፈት ይቀላል። ሙቀት ላይ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው። ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ያጠላል፣ ቅጠሉም ውሃ ሲያተን ዙሪያውን ያቀዘቅዛል።

ክትትል

በወር አንዴ ከተለያየ ረድፍ ጥቂት ድሪፐሮች ሥር እኩል ኩባያ ማስቀመጥና ለጥቂት ደቂቃ ውሃውን መክፈት። ከሌሎቹ ያነሰ የተሞላው የተደፈነ ድሪፐር ነው። ነጭ የኖራ ቅርፊት ከሆነ የደፈነው በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ማጠብ ይከፍተዋል። ማጣሪያውም አብሮ ይታጠብ። ቅጠል ሲጫጫ ሰው ሁሉ ውሃ ይጨምራል። ታችኛው ረድፍ ላይ ከሆነ የሚበዛው ምክንያት ተቃራኒው ነው። አፈሩ ላይ ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ሲበሩ ከታዩም ላዩ ሁልጊዜ ረጥቧል ማለት ነው፤ በሁለቱ ማጠጣት መካከል ላዩ እንዲደርቅ መተው ይቀንሳቸዋል። ለጉዞ የሚወጣ ሰው ታይመሩን ከመሄዱ ከሳምንት በፊት አስጀምሮ ይመልከተው፣ ባትሪውንም ይቀይር።