«ፍቅራችን አልቋል» ከማለታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ባለፈው እሁድ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንዷ ጓደኛዬ፣ ካገባች 6 አመቷ ነው፣ ሲኒዋን ሳትጨርስ አስቀምጣ «እኔ'ኮ አሁን በር ከፍቶ ሲገባ ልቤ ምንም አይልም፣ ፍቅራችን አልቋል መሰለኝ» አለችኝና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሳይኮሎጂ ስለተማርኩም ይሆናል ነገሩ ሆዴን በላኝ፣ በዚች አንድ አስተሳሰብ ብቻ ደህና ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁና። ለሷ ያልኳትን ለናንተም ልጻፈው።

«ልብ መምታቱ ሲቆም ፍቅሩ አልቋል»

አላለቀም! ያ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ስልክ በጠራ ቁጥር የሚያስደነግጠው ነገር ዶሮቲ ቴኖቭ የምትባል ሳይኮሎጂስት በፈረንጆቹ 1979 ባወጣችው መጽሐፍ «ሊመረንስ» ያለችው ነው፣ እሷ ራሷ ብዙ ጊዜ ከ18 ወር እስከ 3 አመት ይቆያል ነው ያለችው። ሮበርት ስተርንበርግ የሚባል ሌላ ሳይኮሎጂስት ደግሞ በ1986 ፍቅር ሶስት ነገር ነው አለ፦ መቀራረብ፣ ስሜት፣ ቃል ኪዳን። እኛ'ኮ ትዳርን ሶስት ጉልቻ የምንለው ነን፣ ለኛ ይሄ ሊከብደን አይገባም። ስሜት ቶሎ ይነዳል ቶሎም ይበርዳል፣ መቀራረብ ግን ቀስ እያለ ነው የሚያድገው፣ ሲኖር ደግሞ አይታይም፣ የሚታወቀው አንዱ መንገድ ሲሄድና ቤቱ ጭር ሲል ነው። ጓደኛዬ አንዱ ጉልቻ ቀዝቀዝ ስላለባት ቤቱ የፈረሰ መሰላት።

«እሺ፣ ከቆየ በኋላ ስሜት የሚባል የለም ማለት ነው»

እንደዛም አይደለም። እነ ቢያንካ አሴቬዶና አርተር አሮን የሚባሉ ተመራማሪዎች በአማካይ 21 አመት በትዳር የቆዩ፣ አሁንም ባለቤታችንን በጣም እንወዳለን ያሉ 17 ሰዎችን መርጠው የትዳር ጓደኛቸውን ፎቶ እያሳዩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ አዩት፣ ዶፓሚን የሚባለው የደስታና የጉጉት ኬሚካል የሚመነጭበት ቦታ ልክ እንደ አዲስ አፍቃሪ ሲሰራ ተገኘ። የተመረጡ ሰዎች ስለሆኑ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው አይባልም፣ ግን ይቻላል።

«የድሮዎቹ ቤተሰብ ነው ያጋባቸው፣ ፍቅር የት ያውቃሉ»

ይሄን ስሰማ በጣም ይከፋኛል። አዘዞ ያሉት አያቶቼ በሽማግሌ ነው የተጋቡት፣ እስከዛሬ «አንቱ» ነው የሚባባሉት። መሶብ ሲቀርብ አያቴ ደህናውን ስጋ በእንጀራ ሸፈን አድርጎ በሷ በኩል ገፋ ያደርገዋል፣ አይኗንም አያያትም፣ እሷ ደግሞ እያወራች እንዳላየች ሆና መልሳ ትገፋለታለች፣ አንዳንዴ ሶስት ጊዜ ይመላለሳል። በ1982 ህንድ ጃይፑር ላይ በተሰራ ጥናት ተፈቃቅደው የተጋቡት ፍቅር ከአመታት በኋላ ሲቀንስ ቤተሰብ ያጋባቸው ግን ሲጨምር ታይቷል። በኋላ አሜሪካ ባሉ ህንዳውያን ላይ ሲጠና ደግሞ ልዩነት አልተገኘም፣ ስለዚህ ሽማግሌ ይሻላል ለማለት አይደለም፣ ፍቅር ከጋብቻ በኋላም ሊጀምር እንደሚችል ለማለት ነው።

«ካልቀና አይወደኝም»

ሃዛንና ሼቨር የሚባሉ ሳይኮሎጂስቶች በ1987 እንዳሳዩት ከልክ ያለፈ ቅናት በብዛት የሚታየው ትተወኛለች የሚል ስጋት ያለበት ሰው ላይ ነው። የፍቅሩ መለኪያ አይደለም። ስልክ መበርበር መውደድ አይደለም እህቶቼ።

«የሚዋደዱ አይጣሉም»

ጆን ጎትማን የሚባል ሳይኮሎጂስት ባለትዳሮችን ለአመታት ሲያጠና ከጭቅጭቃቸው 69 በመቶው መቼም የማይፈታ ሆኖ አግኝቶታል፣ ደስተኞቹም ጋ ጭምር። ልዩነቱ አነጋገራቸው ላይ ነው፣ መናናቅ ከገባ ያኔ ነው መፍራት።

ስሜቱ እንዴት ይመለሳል ላላችሁኝ፣ አሮን በ2000 ባሳተመው ሙከራ ጥንዶችን ለ7 ደቂቃ ብቻ ሰርተውት የማያውቁትን ነገር አብረው ሲያሰራቸው ስለ ግንኙነታቸው ያላቸው ስሜት ከፍ ብሎ ነበር። እና ጓደኛዬን እስቲ አዲስ ቦታ አብራችሁ የሄዳችሁት መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ አሰበች፣ ቡናውም በረደ፣ በመጨረሻ «ጎሃ ተራራ ወጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ ያየን ቀን፣ ገና ሳንጋባ» አለችና ስልኳን አውጥታ ደወለችለት።