የዲዛይን ፕሮጀክት ምንድን ነው? ከአንድ ጀሪካን እንጀምር

ጎንደር ያደገ ሰው ጀሪካን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ሙሉ ነው ወይስ ባዶ?» ብሎ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። የደረሰ ይቀዳል፣ ያልደረሰ ጎረቤት ያንኳኳል። እኔም ስለ ዘላቂነት ትምህርት የገባኝ ከአንድ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ነው።

እዚሁ ከተማችን ባለ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ልጆች እጅ መታጠቢያ ሲሠሩ አይቻለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። በጀሪካኑ እጀታ አግዳሚ እንጨት አስገብቶ መስቀል። ከክዳኑ ዝቅ ብሎ በጋለ ምስማር ትንሽ ቀዳዳ መብሳት። አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ጫፉን መሬት ካለ እንጨት ጋር ማያያዝ። እንጨቱን ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ውሃው ቀጥኖ ይወርዳል። እግር ሲነሳ ይቆማል። እጅ የሚነካው ሳሙናውን ብቻ ነው። ፈጠራው የነሱ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ ተጀምሮ ብዙ አገር የዞረ ነው፤ በኮሮና ጊዜ የእኛም ሰው በእግር እየረገጠ መታጠብን ለምዶ ነበር።

ታዲያ ልጆቹ ምን ሠሩ ይባላል?

የዲዛይን ፕሮጀክት የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ተማሪ አንድ እውነተኛ ችግር ይመርጣል። ችግሩ ያለበትን ሰው ሄዶ ያያል፣ ይጠይቃል። ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል (ሲሞከር ነው ከባድነቱ የሚታወቀው)። ከዚያ ይስላል፣ በተገኘው ነገር ይሠራል፣ ያስሞክራል። ይበላሻል። እንደገና ይሠራል። ሰባተኛ ክፍሎቹ መጀመሪያ ገመዱን ከተጠማዘዘ ፌስታል ሠሩት፤ በማግስቱ ተበጠሰ። በሲባጎ ቀየሩት፤ ውሃ ሲነካው ላላ። ሦስተኛው ከጎሚስታ ለምነው ያመጡት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ነበር፣ እሱ ቻለ። ደስ ብሏቸው ሳያበቁ ደግሞ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ቀዳዳው ጋ አይደርሱም። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ዝቅ ያለ ተሰቀለ። ትምህርቱ ያለው እነዚህ ብልሽቶች ውስጥ ነው፣ ጀሪካኑማ የትም አለ።

ዘላቂነትስ? ቃሉ ከስብሰባ አዳራሽ የወጣ ስለሚመስል ልጆች ሲሰሙት ያዛጋሉ፤ አልፈርድባቸውም። በሰፊው የሚጠቀሰው ትርጉም የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው፣ በኖርዌጂያዊቷ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው፦ የዛሬውን ፍላጎት ሲያሟሉ የመጪውን ትውልድ ድርሻ አለመሻማት። ለሰባተኛ ክፍል ግን እኔ እንዲህ ብዬ ባወርደው እመርጣለሁ፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በምን? ሲያልቅ የት ይጣላል?

«ማታስ የት ያድራል?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ያመጣላቸው አስተማሪ አይደለም፤ የግቢው ዘበኛ ናቸው። አንዷ ልጅ ደብተሯን ይዛ «ጋሼ፣ ይሄን የት እንስቀለው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የትም ስቀሉት። ማታ ካላስገባችሁት ግን ጠዋት አታገኙትም።»

እውነታቸውን ነው። ባዶ ጀሪካን ቆራሌው ይገዛዋል። ልጆቹ ያላሰቡት አንድ ነገር እሱ ነበር። አግዳሚውን እንጨት የሚነቀል አድርገው ቀየሩት፤ ማታ ማታ ዘበኛው ቤት ያድራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰው ማናገር ነው፣ የሳይንስ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልናገር፣ የሚከፋው ይከፋው። ከሃይላንድ ጠርሙስ አበባ ሠርቶ ቢሮ ግድግዳ ላይ መስቀል የዲዛይን ፕሮጀክት አይደለም። አበባው አቧራ ይጠጣል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደነበረበት ቆሻሻ ይመለሳል። ማንም አበባ አልጠየቀም ነበር። ለፎቶ ብቻ የተተከለ ችግኝም ያው ነው። በሚቀጥለው መጋቢት ማን ያጠጣዋል የሚለው አብሮ ካልታሰበ ጉድጓድ ቆፍሮ መሄድ ነው።

ጎንደር ለእንዲህ ያለ ትምህርት የታደለች ከተማ ናት። የፋሲል መዋኛን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ እንደሚሞላም ያውቃል። ግን ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ ተከታትሎ የሳለ ስንቱ ነው? በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ገንዳ እስከ ዛሬ እያገለገለ ነው። ጉብኝቱ «ፋሲለደስ ሠሩት» ብሎ ከሚያልቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የውሃውን መንገድ ማጥናት ይበልጣል። የአንገረብ ግድብም አለ። የከተማዋን ሰው የሚያጠጣው ይህ ግድብ ከላይ ካለው ተዳፋት በሚመጣ ደለል ሲቸገር ኖሯል። ልጆች ግድብ አይጠርጉም። የትምህርት ቤታቸው ግቢ አፈር በሐምሌ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ግን በሁለት የጠርሙስ ቁራጭ ሊያዩት ይችላሉ፦ አንዱ ላይ ሣር ያለው አፈር፣ አንዱ ላይ ባዶ አፈር። እኩል ውሃ አፍስሶ ከሥር የሚወጣውን ማየት ነው። አንዱ ጠራ ይላል፣ አንዱ ሻይ በወተት ይመስላል።

የአስተማሪውን ችግር አላጣሁትም። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ፈተናው ደግሞ አይጠብቅም። አንድ ብልሃት አይቻለሁ፦ ማርኩን ለተሠራው ዕቃ ሳይሆን ለደብተሩ መስጠት። የተበላሸውን የጻፈ፣ ለምን እንደተበላሸ የሳለ ነጥብ ያገኛል። እንዲያ ሲሆን አባቱ አናጺ የሆነለት ልጅ ብቻ አይደለም ከፍ የሚለው። ሌላው ጥቅም ደግሞ ውድቀትን መደበቅ ይቀራል። «ቲቸር፣ የኛ ተበጠሰ» ብሎ እየሳቀ የሚመጣ ቡድን ያየሁት እዚያ ነው።

መጨረሻ ስሄድ የእጅ መታጠቢያው ሥር ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። የፈሰሰው ውሃ መሄጃ የለውም። ግማሾቹ ጠጠር እንድፋበት ይላሉ። ሌሎቹ ቦይ ቀደን ጎመን እናጠጣበት ይላሉ። «ሳሙና ያለበት ውሃ ጎመን ይገድላል» የምትል አለች፤ ሁለት ጎመን ተክላ አንዱን በሳሙና ውሃ፣ አንዱን በንጹሕ እያጠጣች ነው።